የመኪና ነዳጅና የድኻ ማዕድ

አንዲት የቤት እመቤት ዘይት ልትገዛ ወደ ሰፈሯ ሱቅ ሄዳ ዋጋው ካለፈው ወር ጨምሮ ብታገኘው ባለ ሱቁን ትወቅሳለች። ባለ ሱቁ በጅምላ ሻጩ ያመካኛል፤ ጅምላ ሻጩ አስመጪውን ይጠራል፤ አስመጪው ደግሞ የውጭ ምንዛሪውን እጥረት፣ የመርከቡን ኪራይና ከጂቡቲ የሚነሣውን የካሚዮን ዋጋ ይቈጥራል። የእያንዳንዳቸው ቃል በየበኩሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስሙ ሳይጠራ የሚቀር አንድ ሌላ ገዢ አለ። ይኸውም በሩቅ አገር ከነዳጅ ማደያ ፊት ቆሞ የነዳጅ ቋቱን የሚያስሞላው መኪና ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ መኪና የሚነዳው ከመሬት ውስጥ በተቀዳ ቤንዚንና ናፍጣ ብቻ ሳይሆን ከበቆሎ፣ ከሸንኮራ አገዳ፣ ከአኩሪ አተርና ከፓልም ዘይት በተሠራ ነዳጅ ጭምር ነው። ይህ ነዳጅ አየርን የማያበላሽ፣ ለምድርም የሚበጅ ነው እየተባለ ተመስግኗል። በሌላ በኩል ደግሞ የድኻውን እንጀራ የሚሻማ ነው ተብሎ ተከሷል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የነገሩን መሠረት መመርመር እህል፣ ዱቄትና ዘይት ለሚነግድ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

ነዳጁ የሚሠራበት ዘዴ

ከተክል የሚገኘው ነዳጅ በተለመደው የውጭ አጠራር ባዮፊውል የሚባለው ሲሆን ዋና ዋናዎቹ ዐይነቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኢታኖል ነው። አሠራሩም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ድፍድፉ ከፈላ በኋላ በእሳት ተጥዶ እንፋሎቱ እየቀዘቀዘ አረቄ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በቆሎው ተፈጭቶ ወይም የአገዳው ጭማቂ ተጨምቆ፣ በእርሾ ፈልቶና ተጣርቶ አልኮል ይሆናል። ይህም ከቤንዚን ጋር ይደባለቃል። ሁለተኛው ባዮዲዝል ሲሆን ከምግብ ዘይት ወይም ከሞራ ተዘጋጅቶ ከናፍጣ ጋር የሚደባለቅ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ትርዒት ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ይሁን እንጂ የድንጋይ ዘይት ርካሽና በብዛት የሚገኝ ስለ ነበረ የተክሉ ነዳጅ ለብዙ ዘመን ሳይፈለግ ቆየ።

ሁኔታውን የለወጠው በ1973 የደረሰው የነዳጅ ዋጋ መናር ነው። ብራዚል ነዳጅ ከውጭ ለመግዛት የምታወጣው ገንዘብ እጅግ ስለ ከበዳት በኅዳር 1975 ከሸንኮራ አገዳ አልኮል የማውጣት ብሔራዊ ፕሮግራም ዐወጀች። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትም በ2005 ባወጡት ሕግና ይህንኑ በእጅጉ ባሰፋው የ2007 ሕግ መሠረት፣ ነዳጅ አከፋፋዮች በየዓመቱ የተወሰነ መጠን ያለው የተክል ነዳጅ እንዲደባልቁ አስገደዱ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 ባወጣው መመሪያ እስከ 2020 ድረስ ለመጓጓዣ ከሚውለው ኃይል 10 ከመቶው ከታዳሽ ምንጭ እንዲሆን ደነገገ።

መንግሥታቱ ይህን ያደረጉባቸው ምክንያቶች ሦስት ነበሩ። እነርሱም ከውጭ በሚመጣ ነዳጅ ላይ ያለውን ጥገኝነት መቀነስ፣ ለገበሬው አዲስ ገበያ መክፈትና የአየርን ንብረት ከሚለውጠው ጭስ ማዳን ናቸው። በሦስተኛው ምክንያት ላይ የተሰጠው ማስረጃ፣ ተክሉ ሲያድግ ከአየር የሳበውን ያህል ጋዝ ሲቃጠል ይመልሳልና ሒሳቡ እኩል ይሆናል የሚል ነበር። ሆኖም ትራክተሩ፣ ማዳበሪያውና መጥመቂያው ራሳቸው ነዳጅ ይበላሉ። ከዚህም በላይ በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ቲሞቲ ሰርቺንገርና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ እህሉ ወደ ነዳጅ ሲዞር የጎደለውን ለመተካት በሌላ አገር ደን ተመንጥሮ እንደሚታረስና በዚህም ምክንያት የበቆሎ ኢታኖል ከቤንዚን የባሰ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ገለጹ። በቁጥሩ ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ነገር ግን መሬት ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ከዚያ ወዲህ የሚክድ የለም።

የአንድ ኩንታል በቆሎ ሒሳብ

ነጋዴ ነገርን በሒሳብ ሲያየው ይገለጥለታል። ከአንድ ኩንታል በቆሎ 40 ሊትር ያህል ኢታኖል ይወጣል። እንግዲህ 50 ሊትር የሚይዝ አንድ የመኪና ሰልባትዮ በንጹሕ ኢታኖል ይሞላ ቢባል 120 ኪሎ ግራም ያህል በቆሎ ያስፈልገዋል። ይህ በቆሎ አንድን ሰው፣ ሌላ ምግብ ባይጨመርለት እንኳ፣ ከስድስት ወር በላይ የሚያቆይ ኃይል አለው። ኢታኖል በሊትር ሲመዘን ከቤንዚን ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ስለሚሰጥ፣ ለስድስት ወር የሚበቃው ምግብ መኪናውን የሚያስኬደው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

ሒሳቡ ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆን ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። ከተጠመቀው በቆሎ ክብደት ሲሶ ያህሉ አተላ ሆኖ ለከብት መኖ ይመለሳል። ደግሞም በአሜሪካ የሚመረተው ቢጫ በቆሎ አብዛኛው ከጥንትም የከብት ቀለብ እንጂ የሰው ማዕድ አልነበረም። ይሁን እንጂ የሰውና የከብት እህል የሚበቅለው በአንድ መሬት ላይ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ሌላውን ትቶ ወደዚያው ይዞራል፤ ስለዚህ ዋጋቸው ተያይዞ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ የበቆሎ ምርት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ኢታኖል ፋብሪካ ሲገባ ቆይቷል። አሜሪካ በዓለም ላይ በበቆሎ አምራችነት የመጀመሪያዋ አገር ስለ ሆነች፣ በዚያ የሚደረገው ነገር በሌላው ገበያ ሁሉ ይሰማል።

የ2007ና የ2008 ዓመታት ትምህርት

በጥር 1907 ሳይሆን ገና በቅርቡ፣ በጥር 2007፣ በሜክሲኮ ዋና ከተማ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ የዕለት ምግቡ የሆነው የበቆሎ ቂጣ ዋጋ ስለ ናረ ሰልፍ ወጣ። በሚከተለው ዓመት በሚያዝያ በሃይቲ በተነሣው የረኃብ ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣክ ኤድዋር አሌክሲም በሴኔቱ ድምፅ ከሥልጣናቸው ተነሡ። በኢትዮጵያም በዚያው በ2008 የእህል ዋጋ እጅግ በመወደዱ መንግሥት ከውጭ ስንዴ እያስመጣ ለከተማ ነዋሪ በተደጎመ ዋጋ ማከፋፈሉ አይዘነጋም።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው የተክል ነዳጅ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያን ጊዜ የድንጋይ ዘይት ዋጋ በበርሜል ከ140 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በአውስትራሊያ ድርቅ ነበር፤ ሩዝ ላኪ አገሮችም ለሕዝባቸው በመሥጋት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከሉ። የጉዳቱን ድርሻ ለመለካት የሞከሩትም አልተስማሙም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስትር በሮም በተደረገው ጉባኤ ላይ የተክል ነዳጅ ለምግብ ዋጋ ጭማሪ ያለው ድርሻ ከ2 እስከ 3 ከመቶ ብቻ ነው ሲሉ፣ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በእህል ዋጋ ጭማሪ ላይ ያለውን ድርሻ 30 ከመቶ አደረሰው። የዓለም ባንኩ ባለሙያ ዶናልድ ሚቸል ደግሞ ነዳጁ ያስከተላቸውን የክምችት መመናመን፣ የመሬት አጠቃቀም ለውጥና የገበያ ግምታዊ ንግድ አብረው ቈጥረው ከ70 እስከ 75 ከመቶ ነው አሉ። የቁጥሮቹ መራራቅ የመጣው ይልቁንም ከሚለካው ነገር ልዩነት ነው፤ አንዱ የቤተሰብን የምግብ ወጪ በሙሉ ሲመዝን ሌላው የጥሬ እህልን ዋጋ ብቻ ይመዝናልና።

ይህ ልዩነት ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በሀብታም አገር ዳቦ ሲገዛ ከዋጋው ውስጥ የስንዴው ድርሻ ጥቂት ነው፤ የቀረው የማሸጊያ፣ የመጓጓዣና የሱቅ ኪራይ ነው። በድኻ አገር ግን ቤተሰቡ እህሉን በጥሬው ገዝቶ፣ አስፈጭቶ፣ ጋግሮ ይበላል። ከገቢው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ለምግብ ያወጣል። ስለዚህ የኩንታሉ ዋጋ እጥፍ ሲሆን በአንደኛው ቤት ጥቂት ማጉረምረም፣ በሁለተኛው ቤት የአንድ ጊዜ ማዕድ መቅረት ይሆናል።

የማይከራከር ገዢ

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ይህ ነው። በገበያ ሥርዐት ዋጋ ሲወደድ ገዢ ሁሉ በመጠኑ እጁን ይሰበስባል፤ በዚህም ገበያው ይረጋጋል። በሕግ የታዘዘ የነዳጅ ግዢ ግን እንዲህ አይደለም። አከፋፋዩ የተመደበለትን መጠን መደባለቅ ግዴታው ስለ ሆነ፣ ምርቱ ቢበዛም ቢያንስም ይገዛል። በእህል ተራ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ አንድ ባለጸጋ ቢገባ፣ የቀረውን ጥቂት እህል የሚሻሙት ሌሎቹ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ባዶ ቁናውን ይዞ የሚመለሰው ድኻው ነው።

ይህም በ2012 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት አሜሪካን ታላቅ ድርቅ መታት፤ የበቆሎ ዋጋ በቡሼል ከ8 ዶላር በላይ ወጣ፤ ቡሼል 25 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና ዲሬክተር የነበሩት ጆዜ ግራዚያኖ ዳ ሲልቫ ግዴታው ለጊዜው እንዲታገድ ጠየቁ። ከብት አርቢዎችና አንዳንድ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ገዢዎችም ይህንኑ አመለከቱ። ጉዳዩ የሚመለከተው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ግን በኅዳር ወር ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2011 የዓለም ባንክንና የዓለም ምግብ ፕሮግራምን ጨምሮ ዐሥር ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ለተክል ነዳጅ የሚሰጠው ድጎማና ግዴታ እንዲነሣ ለሃያዎቹ ታላላቅ መንግሥታት ምክር አቅርበው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ለኢታኖል ትሰጥ የነበረው የግብር ቅናሽ ሲቀር፣ ግዴታው ግን ጸንቶ ቆየ።

ከጃካርታ እስከ መርካቶ

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተነሣው የዘይት ነገር እንመለስ። በየሱቁ «የሚረጋ ዘይት» እየተባለ የሚታወቀው የፓልም ዘይት የሚመጣው በአብዛኛው ከኢንዶኔዢያና ከማሌዢያ ነው፤ የዓለም ምርት ከ80 ከመቶ በላይ ከእነዚሁ ሁለት አገሮች ይወጣልና። ኢንዶኔዢያ ከዚህ ዘይት የሚሠራ ባዮዲዝል በናፍጣዋ ውስጥ እንዲደባለቅ አዝዛ፣ መጠኑን በ2020 ወደ 30 ከመቶ፣ በ2025 ደግሞ ወደ 40 ከመቶ ከፍ አድርጋለች። ለአገሪቱ ይህ የውጭ ምንዛሪ ማዳኛ ነው። ለሌላው ገዢ ግን፣ ወደ መርከብ ሊጫን ይችል የነበረው ዘይት በዚያው በአገሩ መኪና ውስጥ ተቃጠለ ማለት ነው።

በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ የሱፍ ዘይት ከጥቁር ባሕር ወደቦቿ መውጣት አቆመ። ገዢው ሁሉ ወደ ፓልም ዘይት ሲዞር ዋጋው ናረ፤ በመጋቢትም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚያወጣው የምግብ ዋጋ መለኪያ እስከዚያ ድረስ ካልታየ ከፍታ ደረሰ። ኢንዶኔዢያም የራሷ ሕዝብ ዘይት ስላጣ፣ ከሚያዝያ 28 እስከ ግንቦት 23 ድረስ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። በዚያን ወቅት በአዲስ አበባ ባለ 5 ሊትር ዘይት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የተንከራተተው ሰው ብዙ ነበር። የዘይቱ ዋጋ የተወሰነው በጦርነትና በክልከላ ብቻ ሳይሆን፣ በነዳጅ ፖሊሲም ጭምር መሆኑን ያወቀ ግን ጥቂት ነው።

ሁሉም አንድ ዐይነት አይደለም

ነገር ግን የተክል ነዳጅ ሁሉ አንድ ፍርድ አይገባውም። ከጉዳቱ የራቀው ከተረፈ ምርት የሚሠራው ነው። የስኳር ፋብሪካ ስኳሩን ካወጣ በኋላ የሚቀረው ሞላሰስ የማንም ማዕድ አይደለም፤ ከእርሱ አልኮል ቢወጣ የሚጎድል እንጀራ የለም። በኢትዮጵያም የተሞከረው ይኸው መንገድ ነው። በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የወጣው ኢታኖል ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ በመጀመሪያ 5 ከመቶ፣ ኋላም 10 ከመቶ ሲደባለቅ ነበር። ተጠብሶበት የተጣለ የምግብ ዘይትም በብዙ አገር እየተሰበሰበ ባዮዲዝል ይሠራበታል። የብራዚል አገዳም ቢሆን ከበቆሎ የተሻለ ስም አለው፤ መጥመቂያው የሚነድደው በራሱ በአገዳው ገለባ ስለ ሆነ ሌላ ነዳጅ አይፈልግምና።

በአንጻሩ ደግሞ፣ ጃትሮፋ የተባለው ተክል በደረቅና በጠፍ መሬት ላይ ያለ ብዙ ድካም ዘይት ይሰጣል ተብሎ በአፍሪካና በእስያ በሰፊው ተተክሎ ነበር። በጠፍ መሬት ላይ ግን ምርቱ እንደ ተወራው አልሆነም፤ ጥሩ ምርት የሰጠው እህል በሚያበቅለው ለም መሬትና በውሃ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከልምዱ ተምሮ በ2015 ከምግብ እህል የሚሠራውን ነዳጅ ከመጓጓዣው ኃይል ከ7 ከመቶ እንዳይበልጥ ገደበው፤ በ2019ም የፓልም ዘይት ነዳጅ እስከ 2030 ድረስ ከዒላማው ሒሳብ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ወሰነ።

አየርን ሳይጎዳ ለመንዳት ለሚሻ ሰው ሌላው አማራጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ይህ መኪና በቆሎም ሆነ ዘይት አይሻማም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏን ማስታወቋ ይታወሳል፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በዚህ አገር የኤሌክትሪክ መኪና የሚያሰማው የንጽሕና ስም በከንቱ አይደለም። ሆኖም የባትሪው ዋጋ፣ የመለዋወጫ ዕቃውና የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው ጉዳይ ገና ብዙ ሥራ የሚፈልግ ሲሆን፣ ጭነት ከወደብ የሚያመጣው ካሚዮንም በአብዛኛው በናፍጣ የሚሄድ ነው።

ለነጋዴው የሚሰጥ ምክር

ከላይ ከተገለጸው የሚከተሉትን ማስተዋል ይበጃል።

1ኛ፤ እህል፣ ዱቄትና ዘይት የሚያስመጣ ነጋዴ የመኸሩን ወሬ ብቻ ሳይሆን የድንጋይ ዘይትን ዋጋ፣ የዋሽንግተንን፣ የብራዚሊያንና የጃካርታን የነዳጅ መደባለቂያ ትእዛዝ ይከታተል። የመደባለቂያው መጠን ከፍ የሚልበት ቀን ብዙውን ጊዜ ወራት ቀድሞ ይነገራል፤ ይህን ያወቀ ግዢውን አስቀድሞ ያዘጋጃል።

2ኛ፤ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው፣ አስመጪው በአንድ ዐይነት ዘይትና በአንድ አገር ብቻ አይመካ። የአገር ውስጥ የኑግ፣ የሰሊጥና የአኩሪ አተር ዘይት ጨማቂዎችን ማጠናከር ለነጋዴውም ለሸማቹም መጠጊያ ነው።

3ኛ፤ የቅባት እህል ላኪም የዘይት ገበያ ሲወደድ የሚያገኘው ጥቅም ከፊሉ ከነዳጅ ትእዛዝ የመጣ መሆኑን ይወቅ፤ በትእዛዝ የወጣ ዋጋ በትእዛዝ ሊወርድ ይችላልና በእርሱ ተማምኖ ከአቅሙ በላይ አይበደር።

4ኛ፤ ባለ ሱቁ ዋጋ ሲጨምር ምክንያቱን ለደንበኛው በትሕትና ያስረዳ። ወሬ ሰምቶ ዕቃ መደበቅ ግን የአንድ ሳምንት ትርፍ ሰጥቶ የብዙ ዓመት ደንበኛ ያሳጣል።

በ2024 በዓለም ላይ 673 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መራቡን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አስታውቀዋል። ይህን ሕዝብ ያስራበው ከሁሉ በፊት ጦርነት፣ ድርቅና ድኽነት እንጂ የመኪና ነዳጅ ብቻ አይደለም። ነገር ግን እህል በጎደለበት ዓመት ለመኪናው የተመደበው ድርሻ ሳይነካ የሰው ድርሻ የሚቀነስ ከሆነ፣ ሚዛኑ ተዛብቷል። ሚዛን መጠበቅ ደግሞ የነጋዴ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ስለዚህ አንድ ነዳጅ ንጹሕ ነው ሲባል የምክር ቤቱ አባላት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ፣ ከምን ተሠራ፣ በማንስ መሬት ላይ በቀለ፣ እህሉ ባነሰ ጊዜስ ቀድሞ እጁን የሚሰበስበው ማን ነው የሚል ይሁን።